ከክሊራንስ ደብዳቤው በኋላ፦ ስለ ጎጃም የሚታተሙ ጥናቶችና የጆርናሎች ሥነ ምግባር

ደጋው ጎጃም ብዙ የተጻፈበት አገር ነው። የጮቄ ምንጮች፣ ደምበጫ አጠገብ ያለው የአንጀኒ ተፋሰስ አፈር፣ የደጋ ዳሞት የርስት ሥርዓት፣ የደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሕሙማን ካርድ፣ የነፍሰ ጡሯ ደም ማነስ፣ የሕፃኑ ክብደት፣ ሁሉም በአንዱ ወይም በሌላው ጆርናል ገጽ ላይ ሠፍረዋል። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ጸሐፊው ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። እዚያው ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚኖር፣ ቅዳሜ ገበያ የሚወጣ፣ የጠየቃቸውን ሰዎች በማግሥቱ መንገድ ላይ የሚያገኛቸው መምህር ሆኗል።

ስለ ጆርናል ሥነ ምግባር ሲወራ ግን ወሬው ከዚህ ዓይነት አገር አይነሣም። ከኮፒ ፔስት ይነሣል፣ ገንዘብ ተቀብለው የመጣላቸውን ሁሉ ወደሚያትሙ አጭበርባሪ ጆርናሎች ያልፋል፣ እዚያው ያልቃል። ሁለቱም እውነተኛ ችግሮች ናቸው፤ ሁለተኛውን ኋላ እደርስበታለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በእኛ አገር ቁጥጥሩ ተከማችቶ ያለው ከጥናቱ በፊት ነው። ፕሮፖዛሉ በሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርድ ይታያል፣ ክሊራንስ ይጻፋል፣ የትብብር ደብዳቤው ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዞን ጤና መምሪያ፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ይወርዳል። መጠይቁ ተሞልቶ ከተመለሰ በኋላ ግን ማን በደራሲነት እንደ ሠፈረ፣ ከአንዱ ዳታ ስንት ጽሑፍ እንደ ወጣ፣ የት እንደ ታተመ፣ ስሕተት ሲገኝ ማን እንዳረመው የሚጠይቅ የለም ማለት ይቻላል።

ቁጥጥሩ በሠራበት ልጀምር። በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም ቀይ አፈር ላይ ባዶ እግሩን ሲያርስ የኖረ ሰው ዓመት በዓመት እግሩ እያበጠ ሊሄድ ይችላል። ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል፤ የሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ነው። በትንኝ ከሚተላለፈው የዝሆኔ ዓይነት የተለየ ነው። መነሻው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ አፈር መሆኑን በሰፊው ያሳየው ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 እነ ዮርዳኖስ ሞላ በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች፣ በ17 የገጠር ቀበሌዎች፣ ቤት ለቤት ተዞሮ የተገኘውን ውጤት አሳተሙ፤ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ነዋሪዎች ከመቶው ከ3 በላይ የሚሆኑት በሽታው ነበረባቸው። በአገር ደረጃ በኋላ የወጣው ግምት 1.5 ሚሊዮን ገደማ ነው።

ቁጥሩን መሰብሰብ ቀላሉ ሥራ ነበር። ከባዱ በሽታው የሚያስነውር መሆኑ ነው። ዝሆኔ ያለበት ቤት ልጅ ለጋብቻ አይፈለግም፤ «በዘር ነው» ይባላል። እነ ፋሲል ተኮላ በወላይታ ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት ላይ እንደታየው፣ ሰዎች ጥናቱ መገለሉን እንዳያባብሰው ይሰጉ ነበር፤ ተመራማሪ ወደ አንድ ቤት መግባቱ ራሱ ጎረቤት ሁሉ የቤቱን ምሥጢር እንዲያውቅ ሊያደርግ ይችላል። ፈቃድ የሚጠይቀው ወረቀት ገና ሳይነበብ ጉዳቱ ደርሶ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ነገሩ ደግሞ እዚያ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣው የዚሁ ተመራማሪ ሥራ ለበሽታው ተጋላጭ የሚያደርግ የዘር ምልክት መኖሩን አሳየ። ሕዝቡ «በዘር ነው» ሲል ከነበረው ውስጥ የተወሰነው እውነት ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ጫማና ውኃ በሽታውን እንደሚከላከሉት እየታወቀ፣ «ዘር» የምትለዋን ነገር ለሕዝብ እንዴት ትናገራለህ? ጽሑፉ ውስጥ ትክክል የሆነው ዓረፍተ ነገር ሠርግ ቤት ሲደርስ ምን ይሆናል? የጆርናል ደንቦች ለዚህ ብዙም መልስ የላቸውም።

ጎጃም ላይ ሌላም ነገር አለ። በዚህ አገር መዝገብ ይዞ የሚመጣ ሰው ያስፈራል፤ ለመፍራትም ምክንያት አለ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅን ተከትሎ የጎጃም ገበሬ መሣሪያ አንሥቶ የተዋጋው መሬቴ ሊለካብኝ፣ ሊመዘገብብኝ ነው ብሎ ነው። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ደግሞ መመዝገብ መሬት ሊያሳጣ እንደሚችል በዓይኑ ላየ ትውልድ አዲስ ትዝታ ነው። በእኔ ግምት «እዚህ ጋ ይፈርሙ» የሚለው የፈቃድ ቅጽ መጨረሻ የሚያስፈራው ለዚህ ነው። ፊርማ የምርምር መብት ማስጠበቂያ መሆኑ ለንደን ወይም አዲስ አበባ ላይ ግልጽ ነው፤ ደጋው ላይ ግን ፊርማ ዕዳ ነው። በዚያ ላይ ጠያቂውን ይዛ የምትመጣው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት፤ ልጅሽን የምትከትብ፣ ነገ የምትፈለግ ሰው። እሷ ቆማ እያየች «አልፈልግም» ማለት የሚችል ስንት ነው?

ይህን ተገንዝቦ የተሠራ ሥራ መኖሩ ደስ ይላል። በምሥራቅ ጎጃም የዝሆኔን ሕክምና ለመፈተሽ የታቀደው ትልቅ ሙከራ ከመጀመሩ በፊት፣ ሕዝቡ ስለ ጥናት ምን እንደሚያስብ፣ ማንን እንደሚያምን፣ በዕጣ መመደብን እንዴት እንደሚረዳ የሚጠይቅ አጭር የሥነ ምግባር ዳሰሳ ተደረገ፤ ይኸው ራሱን ችሎ እ.ኤ.አ. በ2016 ታተመ። ዋናው ሙከራ 696 ሕሙማን ነበሩበት። ግማሽ ያህሉ እግር መታጠብን፣ የቆዳ እንክብካቤን፣ ማሰሪያን፣ ካልሲና ጫማን የያዘውን ሕክምና ወዲያው ጀመሩ፤ የቀሩት ከዓመት በኋላ እንዲያገኙ ተደረገ። ሕክምናው የሚያሠቃየውን ድንገተኛ የእግር ብግነት በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀነሰው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 በላንሴት ግሎባል ኸልዝ ሲወጣ የመጀመሪያው ደራሲ ሄኖክ ንጉሤ ነበር፤ ሥራውን ለዓመታት የመራችው ጌል ዴቪም ከስሞቹ ውስጥ አለች። «አንዱ ሕሙም ታክሞ ሌላው ዓመት ይጠብቅ» ማለት ተገቢ ነው ወይ የሚለው ክርክር ቀላል አይደለም። እኔ ተገቢ ነበር እላለሁ፤ ከሙከራው ውጭ በአካባቢው ይህን ሕክምና በመደበኛነት የሚሰጥ አልነበረምና፣ የጠበቁትም በተራቸው ያገኛሉና። ዋናው ነገር ግን ጥያቄው አስቀድሞ መነሣቱና ሰዎቹ ራሳቸው መጠየቃቸው ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለው የሥነ ምግባር ቦርዶች ሥራ ነው። አገሪቱ ብሔራዊ የምርምር ሥነ ምግባር መመሪያ አላት፤ አምስተኛው እትም እ.ኤ.አ. በ2014 ወጥቷል። የቦርዶቹን ጉድለት መዘርዘር ይቻላል፣ ደብዳቤ ፈራሚ ብቻ የሆኑም አሉ፤ ቢያንስ ግን አሉ።

ከዚያ ወደ ደራሲዎቹ ስም ዝርዝር እንምጣ፤ እዚህ ላይ ነገሩ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ1978 ቫንኩቨር ላይ ከተሰበሰቡ አርታኢዎች የተነሣው የሕክምና ጆርናል አርታኢዎች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ደራሲ ለመባል አራት ነገር በአንድነት ይጠይቃል፦ በሐሳቡ ወይም በዳታው ላይ ቁም ነገር ያለው ሥራ፣ በመጻፍ ወይም በማረም መሳተፍ፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለጽሑፉ ተጠያቂ መሆን። ደንቡ ግልጽ ነው። እኛ ዘንድ የሚሰብረው ብዙ ጊዜ ክፋት ሳይሆን ይሉኝታ ነው። የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ እንዴት ትተወዋለህ? ፕሮፖዛሉን አንድ ጊዜ ገልበጥ አድርጎ የመለሰውን ሁለተኛ አማካሪስ? ባለፈው ስምህን ያስገባልህ ጓደኛህ ደግሞ አሁን ተራውን ይጠብቃል። «እሱንም አስገባው፣ ምን ይጎድልብሃል?» ይባላል። በእርግጥም ለጸሐፊው የሚጎድልበት ነገር ያለ አይመስልም፤ ጽሑፉ የተሳሳተ እንደሆነ ግን አምስት ደራሲ ተሰልፎ ከአራቱ አንዱም ዳታውን አላየም።

በተቃራኒው ስማቸው የማይገባ አሉ። በደብረ ኤልያስ ጭቃ ላይ ቤት ለቤት የዞሩት ዳታ ሰብሳቢዎች፣ መንገድ ያሳዩት የቀበሌ ሰዎች፣ የሕሙማንን ካርድ ከመዝገብ ቤት ቆፍረው ያወጡት ነርሶች «ምስጋና» የሚለው አንቀጽ ውስጥ በጅምላ ይቀራሉ። ሁሉም ደራሲ ይሁኑ ማለቴ አይደለም። ግን መጠይቁ በአማርኛ እንዴት ቢጠየቅ ሰው እንደሚመልሰው ያስተካከለችው ነርስ፣ ከኃላፊው ይልቅ ለመጀመሪያው መስፈርት የቀረበች ናት።

ከውጭ ለሚመጡ ተመራማሪዎች ጆርናሎች አዲስ ጥያቄ ጀምረዋል፤ አሳታሚው ፕሎስ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ በሌላ አገር የተሠራ ጥናት የአካባቢውን ሰዎች እንዴት እንዳሳተፈ እንዲገለጽለት ይጠይቃል። መልካም ነው። ነገር ግን የአገር ውስጥ ስም እንደ ይለፍ ወረቀት የሚፈለግበት ጊዜም መጥቷል፤ ስሙን አበድሮ የሚኖር ተመራማሪ መፍጠር ደግሞ ከድሮው ብዙ የተሻለ አይደለም።

ይህን ሁሉ የሚገፋው የደረጃ ዕድገት ነው። ከሌክቸረር ወደ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ከዚያ ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰር የሚያሻግረው የታተመ ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፍ ደግሞ ይቆጠራል። የሚቆጠር ነገር ይከፋፈላል። የአንድ ሆስፒታል የአምስት ዓመት ካርድ አንድ ጊዜ ተገልብጦ አንዱ ስለ ሞት፣ ሁለተኛው ስለ ሕክምና መቋረጥ፣ ሦስተኛው ስለ ደም ማነስ ሆኖ ይወጣል። የርዕሶቹ መመሳሰል አንባቢን ያታክታል፦ የዚህ ነገር መጠንና ተያያዥ ምክንያቶች በእነዚህ ሰዎች መካከል፣ በዚህ ሆስፒታል፣ ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ። ሦስት ጥያቄ ሦስት ጽሑፍ ቢወልድ ወንጀል አይደለም። ችግሩ ሦስቱ ከአንድ ዳታ መምጣታቸው ሳይገለጽ ሲቀር ነው፤ ያኔ ቀጥሎ የሚመጣው፣ የታተሙትን ሰብስቦ አማካይ የሚያወጣው ተመራማሪ እነዚያኑ ሕሙማን ሦስት ጊዜ ይቆጥራቸዋል። እንዲህ ያለ የጥናቶች ጥናት አገራችን ውስጥ በጣም ስለ በዛ ይህ እንደ ትንሽ ነገር መታለፍ የለበትም።

ገንዘቡን ባጭሩ። በታወቁት ክፍት ጆርናሎች አንድ ጽሑፍ ለማሳተም 2,000 ዶላርና ከዚያም በላይ ይጠየቃል፤ የኢትዮጵያ መምህር ደመወዝ ይህን አይችልም። ብዙዎቹ ትልልቅ አሳታሚዎች ኢትዮጵያን ከመሳሰሉ አገሮች ለሚመጡ ደራሲዎች ክፍያውን ይተዋሉ። ይህን ያልሰማ፣ ወይም ዕድገቱ የቸኮለበት፣ 100 ዶላር አስከፍሎ በሳምንት ወደሚያትመው ጆርናል ይሄዳል። የዴንቨሩ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ጄፍሪ ቢል የእነዚህን ስም ዝርዝር እስከ 2017 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ድረስ ያወጣ ነበር። ዝርዝሩ ከመቋረጡ በፊት እ.ኤ.አ. በ2013 ጋዜጠኛው ጆን ቦሃነን ሆን ብሎ በስሕተት የሞላ የካንሰር መድኃኒት ጽሑፍ ለ304 ጆርናሎች ልኮ 157ቱ ተቀብለውት ነበር። ከዚያ ጽሑፍ ቅጂዎች የአንዱ ፈጠራ ደራሲ «ይሠራበታል» የተባለው ፈጠራ ተቋም አሥመራ ነበር የተቀመጠው። ለማይታወቅ ተመራማሪ የተመረጠው አድራሻ የእኛ ሠፈር መሆኑን ሳነብ አልሳቅሁም። የደብረ ማርቆስ ሰው እውነተኛ ጽሑፍ ሲልክም አርታኢው የሚያየው አድራሻ ከዚያው ጎራ ነውና።

የሂንዳዊ ነገር ከዚህ የከፋ ነው። ካይሮ ላይ እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረ አሳታሚ ነበር፤ ክፍያ ይተውልን ስለ ነበር ኢትዮጵያውያን ብዙ አሳትመውበታል። በ2021 ሌላው አሳታሚ ዋይሊ ገዛው፤ በ2023 ሐሰተኛ ጥናት እየጻፉ የሚሸጡ የጽሑፍ ፋብሪካዎች በልዩ እትሞቹ በኩል ሰርገው መግባታቸው ታውቆ ከ8,000 በላይ ጽሑፎች ተሻሩ፣ ቀጥሎም ስሙ ራሱ እንዲቀር ተደረገ። ማንንም ያላታለለ፣ ሁለት ዓመት ገጠር የተመላለሰ ተመራማሪ አሁን በሲቪው ላይ የሚያሳፍር ስም ተሸክሞ ቀርቷል። ጆርናልን በስም መዝኖ ማዕረግ የሚሰጥ ሥርዓት ለእንዲህ ያለው ሰው ምን እንደሚል መመለስ ነበረበት።

የአገር ውስጥ ጆርናሎች መልስ ይሆኑ ይሆን? ታሪኩ ረጅም ነው፦ የኢትዮጵያ ሕክምና ጆርናል እ.ኤ.አ. ከ1962፣ የኢትዮጵያ ጥናት ጆርናል ከ1963 ጀምሮ አሉ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የትምህርት፣ የሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ የሕግ ጆርናሎች አሉት። ከፍተኛ ትምህርትን የሚመራው ሚኒስቴር የአገር ውስጥ ጆርናሎችን መዝኖ እውቅና መስጠት ከጀመረ ወዲህ የአርታኢ ቦርድ፣ የእትም መደበኛነት፣ የግምገማ ሥርዓት ይጠየቃል። ጥሩ ጅምር ነው። ነገር ግን አርታኢው ሙሉ የማስተማር ጫና ይዞ በትርፍ ሰዓቱ የሚሠራ ሰው ነው፤ ገምጋሚውም ምስጋና እንኳ ሳያገኝ የሚሠራ ነው። የሙያው ክበብ ጠባብ በመሆኑ ደግሞ ስም ተሸፍኖ የሚደረገው ግምገማ ሽፋኑ ስስ ነው። በምሥራቅ ጎጃም የአፈር ጥበቃ ላይ የሚጽፉት ጥቂት ናቸው፤ ጽሑፉን ያየ ጸሐፊውን ያውቀዋል፣ አንዳንዴም አማካሪው ነበር።

ይህ ምድር ሌላ የግምገማ ባህል ያውቃል። በደብረ ኤልያስ፣ በዋሸራ፣ በጎንጅ ቅኔ ቤቶች ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ፊት ለፊት፣ ጓደኞቹ እየሰሙ፣ ይሰብረዋል ያቃናዋል። የሌላ ሰው ቅኔ አምጥቶ የኔ ነው ያለ ቢኖር ከሰሚዎቹ አንዱ ማወቁ አይቀርም። ሥርዓቱ የራሱ ፍርሃትና ጭካኔ አለበት፤ ጆርናሎች እንዲገለብጡት አልልም። ሆኖም ገምጋሚው የማይደበቅበት፣ አስተያየቱም ከጽሑፉ ጋር አብሮ የሚታተምበት አሠራር በውጭ ጆርናሎች እየተለመደ ነው። ሽፋኑ ስም ብቻ ለሆነበት እንደኛ ላለ ክበብ፣ ከሐሰተኛ ድብቅነት ግልጽነቱ የሚሻል ይመስለኛል።

የታተመ ነገር ተሳስቶ ሲገኝስ? እ.ኤ.አ. በ1997 በእንግሊዝ የሕክምና አርታኢዎች የተጀመረው የሕትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴ አርታኢው ምን ደረጃ በደረጃ እንደሚያደርግ የሚመራ ዝርዝር አሠራር አለው፦ ደራሲውን ጠይቅ፣ መልሱ ካላረካህ ለተቋሙ ጻፍ፣ ጠብቅ፣ አርም ወይም ሻር። ኮሚቴው መካሪ እንጂ ዳኛ አይደለም፤ ሁሉም ነገር «ለተቋሙ ጻፍ» በምትለው ላይ ይንጠለጠላል። ተቋሙ ደግሞ የራሱን መምህር፣ የራሱን የሕትመት ቁጥር፣ የራሱን ስም የሚመረምር ነው። በዚህ ላይ ይሉኝታው ሲጨመር ጉዳዩ «በሽምግልና» ያልቃል፤ ጽሑፉ ግን እንደ ታተመ ይኖራል፣ መጠቀሱም ይቀጥላል።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት አንድ ሌላ ነገር አምጥቷል። መንገድ ይዘጋል፣ ሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል፣ ተማሪው ግን የመመረቂያ ጽሑፍ ማቅረብ አለበት። በዚህ ጊዜ ከተማ ውስጥ ብቻ ተሰብስቦ «ምሥራቅ ጎጃም» ተብሎ የሚወጣ ጥናት፣ ወይም የተመረጠውን ቀበሌ ትቶ ሊደረስበት የተቻለውን የተካ ጥናት ቢኖር የሚያስወቅሰው መተካቱ አይደለም፤ አለመናገሩ ነው። ከመቼ እስከ መቼ እንደ ተሰበሰበ፣ የቱ ቀበሌ ለምን እንደ ተዘለለ ሁለት መስመር መጻፍ ማንንም አይጎዳም። ገምጋሚ ቦርዱም ቢሆን ክሊራንስ የሰጠውን ጥናት በዚህ ወቅት «እንዴት ሰበሰባችሁ?» ብሎ ተመልሶ ቢጠይቅ፣ ዳታ ሰብሳቢን ወደ ተኩስ መላክ ራሱ የሥነ ምግባር ጥያቄ መሆኑ ይታይ ነበር። ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንግሊዝኛውን አቃንቶ በሚጽፍበት በዚህ ዘመን ያልተኬደበት ቀበሌ ንጹሕ ሠንጠረዥ ይዞ ሊመጣ ይችላል። አርታኢዎች ማሽን ደራሲ ሊሆን አይችልም፣ ተጠቃሚው ይናገር ብለዋል፤ ከቋንቋው ይልቅ ግን የሚያስፈራው ሠንጠረዡ ነው።

የሠንጠረዡን ሐሰት ደግሞ ለንደን ያለ ገምጋሚ አይይዘውም። የሚይዘው የቦታው ሰው ነው፤ እሱ ግን አያነበውም። ዜና ልሳን የመሳሰሉ ጆርናሎች በአማርኛ ያትማሉ፤ ጤናና ግብርና ግን ሙሉ በሙሉ ማለት ይቻላል በእንግሊዝኛ ነው። ክሊራንስ የሚሰጠው ቦርድ ከእያንዳንዱ ጥናት አንድ ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ፣ የቀበሌዎቹ ስምና የተሰበሰበበት ወር ተጽፎበት፣ ወደ ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት እንዲመለስ ቢያስገድድ ወጪው የወረቀት ነው። ያኔ የደብረ ኤልያስ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ገጹን አንሥታ ትጠይቅ ነበር፦ በነሐሴ ወንዙ ሞልቶ ማንም ወደ እኛ አልተሻገረም፤ እነዚህን 40 ቤቶች የጠየቀው ማን ነው?